ከ«የማን ጥፋት ነው?» ወደ «እንዴት ይማራል?»፦ የኦቲዝም መንገድ እስከ ቦንጋ

ስሙን ሲጠሩት ዞር የማይል፣ አፉን ለመፍታት የዘገየ፣ አንድን ነገር ሲያሽከረክር የሚውል፣ የለመደው ነገር ትንሽ ሲዛባበት የሚጮህ ልጅ በየዘመኑ ነበረ። ስም ግን አልነበረውም። ስም ሲጠፋ ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ እኛ ጋ እርግማን ነው፣ ልክፍት ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው ተባለ።

«ፈረንጅማ ቀድሞ ነቅቷል» ለማለት ግን አትቸኩሉ። ሊዮ ካነር ባልቲሞር ውስጥ የ11 ልጆችን ሁኔታ ጽፎ ኦቲዝምን ያስተዋወቀው በ1943 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እዚያም ጥፋተኛዋ እናት ነበረች፤ ልጇን ፍቅር ነፍጋ አቀዘቀዘችው ይባል ነበር። ይህን ሐሳብ በ1964 በመጽሐፉ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ ራሱ የኦቲስቲክ ልጅ አባት ነው።

ጥያቄው ከ«ማን አጠፋ?» ወደ «እንዴት ይማራል?» ሲዞር ተግባራዊ የባህርይ ትንተና መጣ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበረ? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን አገኘ? ውሃ ሲጠማው የሚጮህና ሲጮህ ውሃ የሚሰጠው ልጅ መጮህን ይማራል። ብርጭቆውን ሲጠቁም ወዲያው ከሰጣችሁት ግን መጠቆምን ይማራል። ትልቁም ሥራ ይከፋፈላል። ካፋ ቤት ውስጥ ቡና ማፍላትን አስቡ፦ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ መቅዳት። ልጁ ዛሬ ሲኒ መደርደርን ብቻ ይለምዳል፤ ነገ ሌላው ይጨመራል።

ታሪኩ ጥላም አለው። ኢቫር ሎቫስ በ1987 ባሳተመው ጥናት 19 ሕፃናት በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሠልጥነው 9ኙ መደበኛ አንደኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ያው ሰው ግን በ1960ዎቹ ልጆችን በጥፊና በኤሌክትሪክ ንዝረት ይቀጣ ነበር። ዛሬ ብዙ ኦቲስቲክ አዋቂዎች «ራሳችንን መደበቅ ነው የተማርነው» ይላሉ። ስለዚህ ዓላማውን መጠየቅ ግድ ነው፦ ልጁ እኛን እንዲመስል ነው ወይስ የሚፈልገውን እንዲነግረን?

አገራችን ውስጥ ዝምታውን በአደባባይ ከሰበሩት ግንባር ቀደሟ ዘሚ የኑስ ናት። ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ባለሙያ ነበረች። ለልጇ የሚሆን ቦታ ስታጣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች። በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ልጆችን ከጓዳ ለማውጣት ታገለች።

ማዕከሉ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ቦንጋ ደግሞ ወደ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከካፋ ገጠር የምትነሳ እናት በሳምንት 40 ሰዓት የሚያስተምር ባለሙያ ከየት ታመጣለች? ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የወላጆች ሥልጠና ትልቅ ተስፋ የሆነው። አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ተሞክሯል፤ ወላጅ በጨዋታና በዕለት ሥራ መሃል ልጁን እንዲያስተምር ያግዛል። ወደ ካፋ ሲሄድ ግን በካፊኖኖ መነገር አለበት። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ «ውሃ» የሚለው በአዲስ አበባ ቋንቋ ሳይሆን በእናቱ ቋንቋ ነውና።

ያች እናት ዛሬም «ምን በድለሽ ነው?» ትባል ይሆናል። ልጁ ወጥቶ ሲኒ ይደረድራል ወይስ ጓዳ ይቀራል የሚለውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ጎረቤት የሚጠይቃት ጥያቄ ነው።