ዲናሞው ሲሰናበት፦ በሐይቅና በአምባሰል መንገድ መብራት ከሞተር ሲቀዳ

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋጋ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያና ስለ ባትሪ ዕድሜ ሆኗል። ክርክሩ ተገቢ ነው። አንድ ነገር ግን ሲነሳ አልሰማሁም። የነዳጅ መኪና በዚህ አገር ሰውና ዕቃ ብቻ አላመላለሰም። መስመር ባልደረሰበት ወይም በተቋረጠበት ቦታ ሁሉ፣ በጎማ ላይ የሚሄድ ትንሽ የመብራት ኃይል ጣቢያም ነበር። ይህ ታሪክ ስላልተጻፈ ስንሰናበተው እንኳ ምን እንደምናጣ ልብ አላልንም። ለምሳሌ ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከዚያም በውጫሌ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀውን መንገድ ልውሰድ።

መጀመሪያ መኪናው ራሱ መብራት አልነበረውም። ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ያመጣት መኪና በዘመኑ እንደነበሩት ሁሉ በማኖቬላ፣ ማለትም በእጅ እየተዘወረ የሚነሳ ሞተር ነበራት። ሞተርን በኤሌክትሪክ ማስነሳት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሞተሪኖ የገጠመለት መኪና ካወጣ በኋላ ነው። ሞተሪኖ ባትሪ ይፈልጋል፤ ባትሪ ደግሞ የሚሞላው ይፈልጋል። ስለዚህ በሞተሩ ጎን፣ በቤልት የሚዞር ዲናሞ ተተከለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ መኪና የራሱን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሆነ።

ወደ ወሎ ዲናሞ በብዛት የመጣው ከወራሪ ጋር ነው። ጣሊያን ደሴን የያዘው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባን በደሴ አድርጎ ከአስመራ የሚያገናኘውን መንገድ የሠራው ወዲያው በተከተሉት ዓመታት ነው። ጣሊያን ሄደ፤ መንገዱና የጋራዡ ቋንቋ ቀረ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፤ ሁሉም የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። በኋላ «ኤንትሬ» ያልነው የፊያት የጭነት መኪና ይህን ቋንቋ በየዳገቱ አጸናው።

«ዲናሞ» የሚለው ስም ግን ዛሬ የተሳሳተ ነው። ያኔ የነበረው ዲናሞ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን እምብዛም የማይሰጥ መሣሪያ ነበር። ሞተር እየሠራ ቆሞ መብራት ቢበራ ባትሪው ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960 ገደማ ወዲህ የሲሊኮን ዳዮድ ሲረክስ ቦታውን አልተርኔተር ያዘ። አልተርኔተር በውስጡ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ በዳዮድ አስተካክሎ ቀጥተኛ ያደርገዋል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራም ለባትሪው የሚተርፍ ይሰጣል። እኛ ግን እስከ ዛሬ «ዲናሞ» እንለዋለን። የአንድ ቃል ትርጉም መለያየት ምን እንደሚያስከትል ከውጫሌ ምድር በላይ የሚያውቅ የለም፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣልያንኛ አንድ ባለመሆኑ አገር ዓድዋ ድረስ ሄዷል። የዲናሞው ስህተት ማንንም አልጎዳም፤ ለውጡ ያመጣው ትርፍ ግን ብዙ ነበር። አሁን መኪና ከራሱ አልፎ ለሌላም ኤሌክትሪክ መስጠት ይችላል።

ይህን ትርፍ ፈረንጆቹ ቤት ሠሩበት። አልጋ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ ያለው፣ ሰው ወራት የሚኖርበት መኪና አላቸው፤ ከአውሮፓ ተነስተው በሱዳንና በኢትዮጵያ አልፈው እስከ ኬፕታውን የሚወርዱበት። አሠራሩን ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የእኛ ባለሙያዎች ለአምቡላንስ፣ ለቱሪስት ላንድክሩዘርና ለማስታወቂያ መኪና የሚሠሩት ከዚያው የተለየ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ጉልበት እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ደጋግመው ቢያራግፉት ይሞታል። ሌሊቱን መብራት የሚያበራው ባትሪ በዝግታ እየሰጠ የሚራገፍ ሌላ ዓይነት መሆን አለበት። ሁለቱን በሽቦ ዝም ብለህ ካገናኘሃቸው ቀን አብረው ይሞላሉ፤ ሌሊት ግን አብረው ይራገፋሉ። ጠዋት ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። በአምባሰል ቁልቁለት ከሆነ ገፍተህ ታስነሳለህ፤ ዳገት ላይ ከሆንክ ግን ሰው ትጠብቃለህ።

መፍትሔው በመካከል የሚገባ ሪሌ ነው። ሞተሩ ተነስቶ አልተርኔተሩ ወደ 14 ቮልት ሲደርስ ሪሌው ሁለቱን ባትሪዎች ያገናኛል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይለያያቸዋል። አንዳንዱ በሪሌ ፈንታ ዳዮድ ይጠቀማል። ዳዮድ ግን ግማሽ ቮልት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይበላል፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ባትሪው ለዘላለም ሳይሞላ እንዲኖር ይበቃል። ቀጭን ሽቦ ወደ ኋላ አምስት ሜትር መጎተትም እንደዚያው ነው። በየሱቁ «ባትሪው ፎርጂድ ነው» ተብሎ ከሚሰደበው ብዙው ጥፋቱ የሽቦው ይመስለኛል።

ሌላው የሚረሳው ጊዜ ነው። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሆኖ በጉዞው 20 አምፔር ቢቀበል፣ በ45 ደቂቃ የሚያገኘው 15 ነው። ስድስት ሰባት ጊዜ ካልተመላለሱ አይሞላም፤ የመጨረሻው ሩብ ደግሞ እየዘገየ ነው የሚገባው። አሁን የመጣው የሊቲየም ባትሪ በተቃራኒው የተሰጠውን ሁሉ ይውጣል፤ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ማራገቢያው በማያበርድበት ሰዓት አልተርኔተሩን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ለዚያ የሚፈሰውን መጠን የሚወስን ሌላ ቻርጀር በመካከል ይገባል።

በዚህ ቀላል ጥበብ ነው ሞንታርቦ የተሸከመ መኪና ምንም መስመር በሌለበት ቀበሌ ሰርግ ያደመቀው፣ የክትባት ዘመቻና የምርጫ ቅስቀሳ ያወጀው። የቴፕ ድንጋይ ውድ በነበረበት ዘመን ከመኪና ባትሪ ሽቦ ስቦ ሙዚቃ ማዳመጥ የሚያስቀና ነገር ነበር። የአምባሰልን ቅኝት በስሙ በተጠራበት ተራራ ሥር፣ ከጣሊያን ስም ባለው ድምፅ ማጉያ መስማት፤ እንዲህም ያለ ታሪክ አለን።

ጨዋታው ወደ ቁምነገር የተለወጠው በ2014 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር ጦርነቱ በውጫሌና በሐይቅ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። የመንግሥት ኃይሎች ሁለቱን ከተሞች መልሰው መያዛቸው የተነገረው ኅዳር 27 ነው። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት መብራትም ስልክም አልነበረም። ኔትወርክ የሌለው ስልክ ለብዙዎች ባትሪና ሬዲዮ ይሆናል፤ ለዚያም ቻርጅ ይፈልጋል። ሒሳቡን እንሥራው። የአንድ ስልክ ባትሪ ወደ 15 ዋት ሰዓት ይይዛል። 100 አምፔር ሰዓት ያለው የመኪና ባትሪ ሳይጎዳ ግማሹን ቢሰጥ 600 ዋት ሰዓት ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ ሠላሳ ያህል ስልክ ይሞላል። የትንሽ መኪና ሞተር በዝግታ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ የሚፈጀው ግማሽ ሊትር፣ ቢበዛ አንድ ሊትር ነዳጅ ነው። አንድ ጀሪካን ነዳጅ ያለው ሰው ለአንድ ሰፈር ለሳምንታት የሚሆን ብርሃንና ወሬ በእጁ አለ ማለት ነው። ነዳጅም በጦርነት ይጠፋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ነዳጅ ይደበቃል፣ ይቆጠባል፣ በአህያ ይጫናል። የተበጠሰ የኤሌክትሪክ መስመር በአህያ አይመጣም።

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ የኤሌክትሪክ ካልሆነ የቤት መኪና እንደማይገባ የተናገሩት በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱ የነዳጅ ግዢ የሚበላው የውጭ ምንዛሪ ነበር። ምክንያቱን አልነቅፍም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ወሎን ያጨለመው የማመንጫ እጥረት አልነበረም። ግድቡ ቢሞላም ኃይሉ ሐይቅ የሚደርሰው በምሰሶና በሽቦ ነው፤ ያኔ የተቋረጠውም ይኸው ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና አልተርኔተር የለውም። መብራቱን፣ ሬዲዮኑንና ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ የሚመግበው ትልቁ ባትሪ ነው፤ ትልቁን የሚሞላው ደግሞ መስመሩ ነው። የቀድሞው መኪና ለቤት ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር፤ አዲሱ ከቤት ይቀበላል። አቅጣጫው ተገለበጠ። ይህን ስል አዲሱ መኪና አይረባም ማለቴ አይደለም። 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የያዘ ባትሪ በሺህ የሚቆጠር ስልክ ይሞላል፤ ለአንድ ጤና ጣቢያ መብራትና የመድኃኒት ማቀዝቀዣም ለቀናት ይበቃል። ከማንኛውም ዲናሞ የበለጠ ጉልበት ነው። ሁለት ነገር ግን ይጎድለዋል። አንደኛ፣ መስመር ከሌለ ያለቀውን የሚተካው ፀሐይ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ የሚሰጡበት ሶኬት የላቸውም፤ ያላቸውም ለብቻው የሚሸጥ ገመድ ይፈልጋሉ። የድሮውን መኪና የመንደር ኤሌክትሪሺያን በሁለት ሜትር ሽቦና በአንድ ሪሌ ያስገብረው ነበር። የአዲሱ ትልቅ ባትሪ 300 ወይም 400 ቮልት ስለሆነ በሽቦ የሚነካው ሰው ይሞታል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገን ነው። መንግሥት የሚገባውን መኪና ዓይነት መወሰን ከቻለ፣ ወደ ውጭ የሚሰጥ ሶኬት እንዲኖረው መጠየቅም ይችላል፤ ቢያንስ ለአምቡላንስና ለጤና ቢሮ መኪኖች። በየወረዳው ጤና ጣቢያ ያሉት የፀሐይ ፓነሎችም ከመኪና ባትሪ ጋር እንዲገናኙ ሆነው ቢሠሩ ወጪው ትንሽ ነው። ገዢው ደግሞ ሻጩን «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ሲጨርስ «ወደ ውጭስ ይሰጣል ወይ? ገመዱስ አብሮ ይመጣል?» ብሎ ይጨምርበት።