ጠጅ በአንኮበር ቤተ መንግሥት

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.) በሸዋ ጠጅ የማዕረግ መጠጥ ነበር። ማሩ ከየአገሩ በግብር መልክ አንኮበር ይገባል፤ ከተጣለ በኋላም ግብር ሲገባ ለመኳንንቱና ለጭፍራው እንደየማዕረጉ ይታደላል። ገበሬው የሚከፍለውም ሆነ ንጉሡ የሚያበላው ግብር መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ማሩን ያገባው ባላገር ግን በቤቱ የሚጠጣው በአብዛኛው ጠላ ነበር።

በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ስለ ቤተ መንግሥቱ ኑሮ በሰፊው ጽፏል። በሁለቱ ግብሮች መካከል የነበረው የሴቶች ሙያ ግን ከዚህ ያነሰ የሚወሳ አይደለም። ጠጅ ጣይዋ ጋኑን አጥባ በወይራ ታጥናለች፤ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ በጥብጣ ትከድናለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰፈፉን ገፋ ጌሾ ትጨምራለች። በደጋው ብርድ ጠጁ ቶሎ አይፈላም፤ ጌሾው ካልወጣለትም ይመራል። ጊዜውን የምታውቀው በሽታውና በጣዕሙ ነው።

በታሪክ መጻሕፍት የንጉሡና የመኳንንቱ ስም ሲወሳ የጠጅ ጣዮቹ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ዛሬ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ለሠርግና ለዓመት በዓል የሚጣለው ጠጅ የቆየው ስማቸው ባልተጻፈ በእነዚህ ሴቶች እጅ ነው።