መነቅነቅና መጋጠም

በሕንፃ ሥራ ቋንቋ ውስጥ ከሚገኙት ያልተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል «ጆግል» የተባለው በሁለት ፍቺው ያስገርማል። በአንድ በኩል አንድን ነገር ወዲያና ወዲህ በቀስታ መነቅነቅ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የአንዱ ድንጋይ ጉጥ በሌላው ድንጋይ ቀዳዳ ገብቶ ሁለቱ እንዳይንሸራተቱ የሚያደርግ መጋጠሚያ ነው። ሁለቱ ፍቺዎች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ለሐናጺ ግን ዝምድናቸው ግልጽ ነው፤ መነቅነቅ ባይኖር ኖሮ ጉጡ ባላስፈለገ ነበርና። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1759 የተፈጸመውን የኤዲስቶን የባሕር መብራት ማማ ሲሠራ በድንጋዮቹ ረድፎች መካከል የእብነ በረድ ጉጦችን የተከለው፣ የማዕበሉን ግፊት አስቀድሞ በማሰብ ነው። በአማርኛም «ገጠመ» የሚለው ግስ ለሳንቃም ለጦርም ይነገራል፤ መገናኘትና መፋለም በአንድ ቃል አድረዋል።

የኢትዮጵያ ጥንታውያን ሐናጽያንም ይህን ጉዳይ በራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። በአክሱም ሥርዓት የድንጋዩ ግንብ በአግዳሚ እንጨት ይታሰር ነበር፤ በደብረ ዳሞ ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት «የዝንጀሮ ራስ» የተባሉት ጉጦች የማሰሪያዎቹ እንጨቶች ጫፎች ናቸው። በላስታ፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በእንጨትና በድንጋይ ንብብር የተሠራ ነው።

ወደ ላሊበላ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች የአግዳሚውን እንጨት መልክ በግድግዳው ላይ በድንጋይ ቀርጸዋል። ይሁን እንጂ ቅርጹ የሚያስረው ነገር የለም፤ ሕንፃው ከአንድ አለት የወጣ ነውና። ከከተማው በላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኘው ገደል የተፈለፈለችው፣ ትውፊትም ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር የሚያያይዛት አሸተን ማርያም ከዚሁ ወገን ናት። ግድግዳዋ የተራራው አካል ነው።

መጋጠሚያ የሌለው ሕንፃ ግን የማይነቃነቅ ሕንፃ አይደለም። የወሎ ደጋ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው፤ በዚሁ ጠርዝ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ አፍርሷል። ከዚህም ሌላ የቀን ሙቀትና የሌሊት ብርድ፣ የክረምት ዝናብና የበጋ ድርቀት አለቱን ያለማቋረጥ ያሰፉታል፣ ያጠቡታል። በጥርብ ግንብ ይህ እንቅስቃሴ በመጋጠሚያዎቹ መካከል ይከፋፈላል፤ አለቱ ግን መጋጠሚያ ስላልተሰጠው የራሱን ያበጃል፤ ያም ስንጥቅ ይባላል።

እንግዲህ ስንጥቅ ሲታይ በጠንካራ ሲሚንቶ ለመድፈን መቸኮል አደጋ አለው። ከአለቱ ይልቅ የጠነከረ መሙያ እንቅስቃሴውን አያስቀርም፤ ወደ ጤናማው ድንጋይ ያዛውረዋል እንጂ። በላሊበላ ከዝናብ ለመከላከል ተብሎ የተቀባው ሬንጅም፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳንድሮ አንጀሊኒ በተመራው ጥገና እንዲነሣ ተደርጓል።

ስለዚህ በአሸተንም ሆነ በሌሎቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚሠራ ባለሙያ የቃሉን ሁለት ፍቺ በተራቸው ሊይዝ ይገባል። በመጀመሪያ ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ መሆኑንና አለመሆኑን፣ በየትኛው ወራት ምን ያህል እንደሚሰፋ በመለኪያ ይከታተል። ከዚያ በኋላ ብቻ፣ ከአለቱ የላላና ሲያስፈልግ ሊነሣ የሚችል መጋጠሚያ ይምረጥ። መነቅነቁን ሳያውቅ የሚያጋጥም እጅ፣ ሊያድነው የመጣውን ሕንፃ ይሰብራል።