ሳይበቅል የተነቀለ ክራንቻ

ቂሊንጦ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ተብሎ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራባት ሰፈር ናት። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲደራ ግን የሌላ ዘመን ምክር እንሰማለን። ሕፃኑ አምስት ወር አልፎታል፤ ያተኩሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። «ግግ ነው፤ አስወጪለት!» ይላሉ አንዲት እናት። ጋዜጠኝነት ተምረን ዝም ማለት አይሆንልንምና ጠየቅን፤ ለመሆኑ ግግ ምንድን ነው?

ባጭሩ ከድድ ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠረጠረው ክራንቻው ነው፤ በዚያ ዕድሜ ድዱን ነጣ አድርጎ ያሳብጠዋልና። የሰፈር አዋቂ በምላጭ ወይም በሽቦ ቀድዶ ያወጣዋል። ነጭና ለስላሳ ስለሆነም «ይኸው ትሉ!» ብሎ ያሳያል። ትል አይደለም። ለመብቀል ሲዘጋጅ የነበረ ጥርስ ነው።

በትሉ የተሸወድነው እኛ ብቻ አይደለንም። ባቢሎናውያንም የጥርስ ሕመምን በትል ያሳብቡ ነበር። አውሮፓም ብዙ ዘመን አምኖበት ኖሯል፤ ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ነው የተሟገተው።

እናቶቻችንን ግን አንሳደብ። በዚያ ዕድሜ ሕፃኑ መሬት ላይ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል፤ ተጨማሪ ምግብም ይጀምራል። ስለዚህ ተቅማጡ ጥርስ ከሚያብጥበት ወቅት ጋር ይገጣጠማል። ጤና ጣቢያ ባልነበረበት አገር ልጅ በተቅማጥ ሲሞት ያየች እናት ምን ታድርግ? ተቅማጡ በራሱ ጊዜ ሲቆም ደግሞ ምስጋናው ለአዋቂው ነው።

ዳፋው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተጓዙ። እዚያ የልጆቹን አፍ የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የወተት ክራንቻዎቹን ከቦታቸው አጧቸው። በ1994 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናትም የጽንስ ጥርስ መውጣትን በኋላ ከሚታዩ የጥርስ ጉድለቶች ጋር አያይዞ አቀረበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቋሚው ጥርስ የሚያድገው ከወተቱ ጥርስ አጠገብ፣ እዚያው አጥንት ውስጥ ነው። ሽቦው አይመርጥም። የተነካው ጥርስ ቅርጹ ተበላሽቶ፣ ጠምሞ ይወጣል፤ ወይም ጭራሽ ተቀብሮ ይቀራል። ጤነኛ ጥርስ ከመንጋጋው ጋር የሚያያዘው በቀጫጭን ክሮች ነው። እነዚህ ክሮች በጉዳት ሲጠፉ ሥሩ ከአጥንቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ያኔ ጎረቤቶቹ ሲያድጉ እሱ እንደ ችካል ተተክሎ ይቀራል፤ በብሬስም ስቦ ማውጣት አይቻልም። ከዚህ በላይ ደግሞ የደም መፍሰሱ፣ ምርቀዛው፣ በአንድ ምላጭ የሚተላለፈው ኤች አይ ቪ አለ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እና 562 በእርጉዝ ሴቶችና በሕፃናት ላይ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል። ሕጉ ግን ቡናው ላይ አይገኝም። እዚያ የምንገኘው እኛ ነን።

ስለዚህ «ግግ ነው» ሲባል አንሳቅ፣ አንቆጣም። «ኦአርኤስ በጥብጠሽ ስጪው፣ ጡትሽን አታቋርጪ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ» እንበል፤ ልጁንም ተቀብለን እንዘልላት። ትሉ የተባለው ጥርስ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወጣል።