ማረግና ማዕረግ

መሥሪያ ቤቴ ባንክ ነው። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ለግጥም የሚሆኑ ቃላት እቆጥራለሁ። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ተገናኙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አቅራቢያ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድበት ቀን ተቃረበ። እናታችን ሄዳ ልታርሳት ግድ ሆነ። እናታችን 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ከታመመች ቆይታለች፤ አውሮፕላንም ተሳፍራ አታውቅም። እኅቴ በስልክ፣ «ጋሼ፣ እማዬን ቢዝነስ ክላስ እናሳፍራት፤ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ» አለችኝ። ዋጋውን ጠየቅሁ። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ፣ ለደርሶ መልስ፣ ከአንድ ዓመት ደመወዜ ይበልጣል። በዚያ ሰሞን ዕቁብ ደርሶኝ ነበርና የድርሻዬን መክፈል አያቅተኝም። ዳሩ ግን ያ ገንዘብ የታሰበው የእናቴን ቤት የዛገ ቆርቆሮ ለማስቀየር ነበር። እንግዲህ የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ሆነ፦ ጣሪያ ወይስ አልጋ?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምሸሸው ወደ ቃል ነው። እኛ ዛሬ «ክላስ» የምንለውን አባቶቻችን «ማዕረግ» ይሉት ነበር፤ አንደኛ ማዕረግ፣ ሁለተኛ ማዕረግ፣ ሦስተኛ ማዕረግ። ቃሉ የግእዝ ነው። ሥሩም «ዐርገ» ይባላል፤ ወጣ፣ ወደ ላይ ሄደ ማለት ነው። የጌታን ዕርገት የምንጠራበት ቃል ከዚያው ግንድ የበቀለ ነው። ማዕረግ በጥንቱ ትርጉሙ መውጫ፣ መወጣጫ፣ ደረጃ ነው። ሹመትና ክብር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በአማርኛ አፍም ማረግና ማዕረግ ጆሮ በቅጡ የማይለያቸው ቃላት ናቸው። አውሮፕላን ግን ለየቅል አደረጋቸው፤ ሁሉም ተሳፋሪ እኩል ያርጋል፣ ማዕረጉ ግን እኩል አይደለም። እንዴት እንዲህ ሆነ? ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ እንከተለው። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመንገደኛ ማዕረግ በባቡር ዘመን ጎልቶ ወጣ። በእንግሊዝ አገር በመጀመሪያዎቹ የባቡር ዓመታት ድሃው የሚሳፈርበት ፉርጎ ብዙ ጊዜ ክዳን አልነበረውም፤ ዝናቡም ብርዱም የጢሱም ብናኝ በተሳፋሪው ላይ ይወርድ ነበር። በ1844 የወጣ ሕግ ኩባንያዎቹን አስገደዳቸው፤ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ባቡር ለሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ከዝናብ የሚጠለልበት ክዳን እንዲኖረውና ክፍያውም ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1849፣ ዡል ዱፕዊ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ጻፈ። ሐሳቡን በራሴ ቃል ላስቀምጠው፦ ሦስተኛው ማዕረግ ክዳን የተነፈገው ክዳን ውድ ሆኖ አይደለም፤ ድሃውን ለመቅጣትም አይደለም። ለሁለተኛው ማዕረግ መክፈል የሚችለው ሰው ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ለማስፈራራት ነው። ዱላው ያረፈው በድሃው ጀርባ ላይ ነው፤ የታለመው ግን የባለ ገንዘቡ ኪስ ነበር።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ቆየሁ። የላይኛው ወንበር ዋጋ በራሱ ምቾት ብቻ አይወሰንም ማለት ነው። የታችኛው ወንበር ምን ያህል ያስፈራል የሚለውም አብሮ ይሸጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጅቡቲው ሐዲድ ሥራ በ1897 ተጀምሮ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ማዕረግ የሚለው ቃል ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክህነት ወጥቶ ከባቡር ወንበር ጋር የተዛመደው በዚህ ሐዲድ ላይ ይመስለኛል። ለገሀር ላይ ሰው በአባቱ ስም ሳይሆን በያዘው ቲኬት አንደኛ ወይም ሦስተኛ ይሆናል። ባላባቱ ገንዘብ ካጠረው ይወርዳል፤ ነጋዴው ካለው ይወጣል።

አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ለጊዜው ተገለበጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የውጭ አገር በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ 1946፣ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። ወንበራቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ፣ የሚታጠፍ አግዳሚ ነበር፤ መካከሉ ላይ ጭነት በሰንሰለት ታስሮ ይቀመጣል። መኳንንቱም ነጋዴውም ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ጭነቱ አዙሮ ይጓዛል። በዚያ ጓዳ ውስጥ ማዕረግ አልነበረም። ማዕረጉ መሳፈሩ ራሱ ነበር።

በሌላውም ዓለም መነሻው ይህንኑ ይመስላል። ፓን አሜሪካን የተባለው አየር መንገድ በ1939 አትላንቲክን በውኃ ላይ በሚያርፉ ትልልቅ አውሮፕላኖቹ ማሻገር ሲጀምር፣ የምግብ አዳራሽና የሚዘረጋ አልጋ ነበረው። የደርሶ መልሱ ዋጋ ግን በዚያን ዘመን ገንዘብ 675 ዶላር ነበር። ሁሉም ተሳፋሪ ባለጸጋ ስለነበር ተሳፋሪን ከተሳፋሪ መለየት አላስፈለገም። መለየት ያስፈለገው ድሃው ደጃፉን ሲያንኳኳ ነው። በ1952 አየር መንገዶች በማኅበራቸው ተስማምተው በአትላንቲክ ላይ «ቱሪስት» የተባለውን ርካሽ ማዕረግ ከፈቱ። በ1958 ደግሞ ከዚያም የረከሰው «ኢኮኖሚ» መጣ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ዱፕዊ በሕይወት ቢኖር ኖሮ በሳቀ። የማኅበሩ ደንብ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚቀርበው ቀለል ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ብዙ ወጪ የሌለው ሳንድዊች ብቻ እንዲሆን አዘዘ። የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ግን በአገሩ ወግ በአንድ ቁራጭ ዳቦ ላይ ሥጋውን፣ ዓሣውንና አትክልቱን ቆልሎ አቀረበ። ተፎካካሪዎቹ «ይህ ሳንድዊች አይደለም፣ ማዕድ ነው» በሚል መንፈስ ከሰሱት፤ ተቀጣም። ጥፋቱ ምን ነበር? ለድሃው ክዳን ማልበሱ!

ታዲያ ዛሬ እኅቴ የጠራችው «ቢዝነስ ክላስ» ከየት መጣ? ከማጉረምረም ነው። በ1970 ግዙፉ ቦይንግ 747 ሥራ ጀመረ፤ የሚሞላ ወንበርም በዛ። በ1977 ፍሬዲ ሌከር የተባለ እንግሊዛዊ ከለንደን ኒው ዮርክ በ59 ፓውንድ ማጓጓዝ ጀመረ፤ ሌሎቹም ዋጋ ቀነሱ። በዚህ ጊዜ ሙሉውን የኢኮኖሚ ዋጋ የከፈለው የኩባንያ ሠራተኛ፣ የእርሱን ሲሶ ከፍሎ ከተሳፈረው አገር ጎብኚ ጎን ተቀምጦ አንድ ዓይነት ምሳ ሲበላ ቅር አለው። አየር መንገዶችም ሙሉ ከፋዩን ለይተው ወደ ፊት ማስቀመጥ ጀመሩ። ፓን አሜሪካን በ1978፣ የአውስትራሊያው ካንታስ በ1979 ለዚህ መንገደኛ የተለየ ክፍል ከፈቱ። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ ጥቂት ነበር፤ የሚለያቸው ቦታውና መስተንግዶው ነው። ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አልጋ የሆነው ብዙ ቆይቶ ነው። የብሪታንያ አየር መንገድ በ1995 ለአንደኛ ማዕረግ፣ በ2000 ደግሞ ለቢዝነስ ክፍሉ ተዘርግቶ የሚተኛበት አልጋ አስገባ።

ከዚህ ታሪክ እንደ ባንክ ሠራተኛ አንድ ነገር ለቀምሁ። ቢዝነስ ክላስ ሲወለድ ቲኬቱን የሚገዛውና ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ሰውዬው ይቀመጣል፣ ኩባንያው ይከፍላል። ዋጋው የተለካው በሌላ ሰው ኪስ ነው። ስለዚህ የራሱን ደመወዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ለእርሱ ያልተሰፋ ካባ እየለካ መሆኑን ማወቅ አለበት። «ያምራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃውም፤ ማማሩማ ያምራል። «ይህ ካባ የትኛውን ብርዴን ይከለክልልኛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

እኔም ጠየቅሁ። መጀመሪያ የመረመርሁት ፍርሃቴን ነው። በረጅም በረራ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፣ ይህም የኢኮኖሚ ወንበር በሽታ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከአራት ሰዓት በላይ በሚወስድ ጉዞ ይህ አደጋ በእጥፍ ያህል ይጨምራል። ያም ሆኖ ከስድስት ሺህ ሰው አንዱን የሚነካ ነው፤ ምክንያቱም ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነው፤ በአውቶቡስም በባቡርም ያገኛል። በ2012 የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ ባወጣው መመሪያ ደግሞ፣ የኢኮኖሚ ወንበር ለብቻው ይህን ሕመም እንደሚያመጣ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም፤ ይልቁንም በመስኮት በኩል ተቀምጦ አለመነሣት ነው የሚያሰጋው። እንግዲያው ለዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ የመተላለፊያ ዳር ወንበር፣ በየሰዓቱ ተነሥቶ መራመድና አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ነው። ለዚህ የዕቁብ ገንዘብ አያስፈልግም።

የቀረው የጉልበቷ ሕመምና እንቅልፏ ነው። እዚህ ላይ መንገዱን ራሱን መመልከት ነበረብኝ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለረጅም መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ መነሣት ይቸግረዋል። ስለዚህም እናቴ ስትሄድ አውሮፕላኑ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ስትመለስ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በሮ ይገባል። መሄጃው ማታ ተነሥቶ ሌሊቱን የሚፈጅ ረጅሙ መንገድ ነው። መመለሻው በእኅቴ አገር ቀን የሚነሣ ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ ዓይነት ካልሆኑ፣ አንድ ዓይነት ወንበር ለምን እገዛለሁ?

የሒሳብ ወረቀት አወጣሁ። የመሄጃውን ልዩነት እናቴ ትተኛለች ብዬ ለገመትኋቸው ሰባት ሰዓታት አካፈልሁት። አንዱ የእንቅልፍ ሰዓት የአንድ ወር ደመወዜን ያህል ወጣ። ለራሴ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን እዚያው ቀድጄ እጥለው ነበር፤ የሠላሳ ቀን ሥራ ለአንድ ሰዓት እንቅልፍ አይሸጥም። የሠላሳ ዓመት ጉልበት ግን የምቀመጥበትን ነገር ሁሉ ይችላል። የእናቴ ጉልበት ሌሊቱን ሙሉ ታጥፎ ካደረ ጠዋት እንደማይዘረጋ አውቃለሁ። ያ ጉልበት እኔን አዝሎ ስንት ቀበሌ እንደዞረም አውቃለሁ። ለመሄጃው አልጋ፣ ለመመለሻው የመተላለፊያ ዳር ወንበር ቆረጥሁ። ዋጋውን ስትጠይቀኝ «እንደ ማንኛውም ነው» አልኋት። ከዕቁቡ የተረፈው ለጣሪያው ግማሽ እንኳ አልበቃም።

በማግሥቱ እኅቴ ደወለች። ተሽከርካሪ ወንበር ተዘጋጅቶላት ነበር፤ እናቴ ግን ነጠላዋን በላዩ ላይ አስቀምጣ፣ ከወንበሩ ጎን በእግሯ እየተራመደች ወጣች። «ጋሼ፣ በእግሯ ነው የመጣችው» ብላ አለቀሰች። ያን ዕለት ማታ ይህችን ጻፍሁ፦

ሰው ሁሉ ሲመኝ ወደ ላይ ማረግን፣
እናቴ ወረደች ይዛ ማዕረግን።

ከአራት ወር በኋላ ስትመለስ ግን በተሽከርካሪው ወንበር ተቀምጣ ወጣች። እግሯ አብጦ ሦስት ቀን ጫማ አልገባላትም። ይህን የማልደብቀው አንባቢዬ ሒሳቡን በሙሉ እንዲያይ ብዬ ነው። ያም ሆኖ ስለ መመለሻዋ ስታወራ ፊቷ ይበራል፤ አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት የደሴ እናት ቆሎ አካፍለዋት፣ ሲጨዋወቱ አድረው፣ ዛሬም በስልክ ይጠያየቃሉ። ስለ መሄጃዋ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተኛሁ»። እኚያ ሴት ግን ሌላም ነገር ነግረዋት ኖሯል። ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን፣ እግሯን በሞቀ ውኃ እየነከርሁላት ሳለ፣ «ልጄ፣ ዋጋው እንደ ማንኛውም አልነበረም» አለችኝ። መልስ አልሰጠሁም። እርሷም አልደገመችውም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ቆርቆሮው ያፈስሳል፤ እኔ ሳልነቃ እናቴ ተነሥታ ባልዲውን ከሚያፈስሰው ሥር ታኖረዋለች። ጠዋት ሳገኘው ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ በር ሥር ተገልብጦ ነው። ስለ ጣሪያው አንድም ቀን አላነሣችብኝም። በአዲሱ ዓመት ሌላ ዕቁብ ጀምሬአለሁ።