ግድግዳው ሳይዘጋ

ሲኒማ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው በትልቅ ቴሌቪዥን ነው የሚል ብዙ ነው። ታሪኩን ላገላበጠ ግን ነገሩ የሽቦ ታሪክ ነው። ዋልት ዲዝኒ በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ፋንታዥያ»ን በኒውዮርኩ ብሮድዌይ ቴአትር ሲያሳይ፣ ድምፁ ተመልካቹን እንዲከበው አዳራሹን በድምፅ ማጉያና በሽቦ ሞላው። ወጪው ግን የሚቻል አልነበረምና ዘዴው በጥቂት ከተሞች ታይቶ ቀረ። በ1952 ሲኔራማ በዚያው ቴአትር በሰባት የድምፅ መስመር ብቅ አለ። ይህ ሁሉ የባለ አዳራሽ እንጂ የባለ ቤት ጉዳይ አልነበረም።

ባለ ቤቱ ቦታ ያገኘው ከእግሩ ሥር ነው። በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ አገሮች የቤት መሠረት ብርድ አፈሩን ከሚያጠነክርበት ጥልቀት በታች መውረድ አለበት። ያን ያህል ከተቆፈረ ደግሞ ጥቂት ጨምሮ ክፍል ማውጣት አይከብድም። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ሳይቀሩ «ቤዝመንት» እያሉ የሚጠሩት ይህንኑ ክፍል ነው። ለረዥም ዘመን የከሰል ምድጃ ማደሪያ ነበር። ዘይትና ጋዝ ከሰሉን ሲተኩት ቦታው ተለቀቀ። ብርሃን ማጣቱ ለሳሎን ነውር ቢሆንም ለሲኒማ ጌጥ ሆነለት።

ዶልቢ የተባለው ኩባንያ በ1982 የከበባ ድምፅን ለቤት አቀረበ። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በሲኒማ ቤት የተሰማበት ዲጂታል ዘዴ በ1997 ከዲቪዲ ጋር በአሜሪካ ቤቶች ይስፋፋ ጀመር፤ አምስት ድምፅ ማጉያና አንድ የጎርናና ድምፅ ሳጥን ማለት ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ከአድማጩ ጎንና ኋላ ይቀመጣሉ፤ አምፕሊፋየሩ ፊት ለፊት ነው። ታዲያ ሽቦው በየት ይለፍ? የእንጨት አውታሩ ገና ክፍት ከሆነ ሥራው የመሰርሰሪያ ነው። ጂፕሰሙ ተመትቶ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን የማፍረስ ሥራ ይሆናል።

የሚገርመው፣ አስቀድመው ያሰቡትም አልዳኑም። በዘመኑ ምርጥ የተባለውን የአናሎግ ምስል ሽቦ በጥንቃቄ ከግድግዳ ውስጥ ቀበሩ። በ2002 መጨረሻ ኤችዲኤምአይ መጣና ውሎ አድሮ ያ ሁሉ ሽቦ ሥራ ፈታ። ኤችዲኤምአዩም ቢሆን አልረጋም፦ በ2013 በሴኮንድ 18 ጊጋቢት ይሸከም የነበረው በ2017 ወደ 48 ሲያድግ፣ በፊት የተቀበረው ገመድ አዲሱን ጭነት በሙሉ መሸከም ተሳነው። በ2012 «ብሬቭ» በተባለው ፊልም ዶልቢ አትሞስ ድምፁን ከጣሪያ አወረደ፤ በ2014 ቤት ደረሰ። ኮርኒሱን ቀደም ብሎ ለዘጋ ሰው ይህ መርዶ ነበር። ያልተለወጠው ተራው የመዳብ ድምፅ ማጉያ ሽቦ ብቻ ነው። ቁጥር 14 ዛሬም ለአብዛኛው ክፍል ይበቃል፤ መንገዱ ከረዘመ ቁጥር 12 ይሻላል (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)።

ከዚህ ኪሳራ በኋላ ነው ብልሆቹ ከሽቦው ይልቅ ባዶ ቱቦ መቅበር የያዙት። ወርዱ አምስት ሳንቲሜትር ያህል፣ መታጠፊያው ሰፊ፣ ውስጡ ደግሞ ለነገ ሽቦ መጎተቻ የሚሆን ሲባጎ። እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። አሜሪካዊው የመብራት ሽቦውን በአብዛኛው እንጨቱ ላይ መትቶ ያልፋል። በአዲስ አበባ ግን ኤሌክትሪሺያኑ ሲኒማ በሐሳቡም ሳይኖር፣ አርማታው ሳይሞላ የፕላስቲክ ቱቦ ይዘረጋል፤ ብሎኬቱንም በመሮ ቦርቡሮ ያስገባል። ለመብራት ብሎ ያደረገው ቢሆንም ዘዴው ያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ እዚያም እዚህም ይዘነጋል። የድምፅ ሽቦ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አይገባም፤ ለአደጋም ያጋልጣል፣ የምልክት ሽቦም ሲጠጋው የኤሌክትሪኩን እምምታ ይቀበላል። ጎን ለጎን መሄድ ካለባቸው ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል ይራራቁ፤ መገናኘት ካለባቸው በመስቀል ይተላለፉ። ጂፕሰሙ ከመመታቱ በፊትም ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግቶ ፎቶግራፍ ማንሳት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሚስማር የሚመታው ሰው ቱቦው የት እንዳለ የሚያውቀው ከዚያ ፎቶ ነው።