በሁለት ገመድ የታሰረች

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ። የምነግራችሁ ታሪክ በውሃ ተጀምሮ በውሃ የሚያልቅ ነው። ባሕሩን ማለቴ አይደለም። የሚጠጣውን ውሃ ነው።

ዘመኑ 1963 ዓ.ም. ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ብርድና ጉም ያሳደገኝ። ባሕር የሚባለውን ነገር የማውቀው ከትምህርት ቤታችን ካርታ ላይ ነው። በ19 ዓመቴ ባሕር ኃይል ተቀጠርኩና ምጽዋ ወረድኩ። ወረድኩ ስል ለአነጋገር ያህል አይደለም። አስመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ በ115 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያን ሁሉ ከፍታ እየተጠማዘዘ ይጨርሰዋል። ነፋሲት ላይ ጋቢዬን አወለቅኩ፤ ጊንዳዕ ላይ ኮቴን። ምጽዋ ስደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል፤ ጥርሴ ላይ ጨው ጨው ይለኛል፤ ከፊቴ ደግሞ መጨረሻ የሌለው ውሃ ተዘርግቷል። እንዲያ ያለ ነገር ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ዓይኔ የሚያርፍበት ተራራ እየፈለገ ብዙ ቆየ።

ሥልጠናዬን ስጨርስ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ተመደብኩ። ስሟን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እየተከተለች እንድትረዳ የሠሯት ናት፤ ያኔ ስሟ «ኦርካ» ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ፣ የዕጩ መኮንኖችም መማሪያ ሆነች። ርዝመቷ 95 ሜትር ግድም ነው። 95 ሜትር ከወደብ ሆኖ ለሚያያት ብዙ ነው፤ ለሚኖርባት ግን አንዲት ጠባብ መንደር ናት።

አልጋችን ሸራ ነው፤ በብረት ተወጥሮ ሦስት ሦስት ሆኖ የተደራረበ። እኔ መካከለኛው ላይ ነኝ። ከላዬ የሚተኛው ልጅ በተገላበጠ ቁጥር ሸራው ወርዶ አፍንጫዬን ይነካኛል። ንብረቴ በሙሉ በአንዲት የብረት ሳጥን ውስጥ ይገባል። የመብራት ሞተሩ ቀን ከሌት ያጉረመርማል፤ መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ይነሳል፤ ኋላ ግን ድምፁ ድንገት ጸጥ ሲል ነው ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ብድግ የሚለው። በሐምሌ ደግሞ ብረቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል። እዚያ ውስጥ መተኛት አይታሰብም። ምንጣፋችንን ተሸክመን ወደ ላይኛው ወለል እንወጣና ከዋክብቱ ሥር እንጋደማለን። ነፋስ ከመጣ እሰየው፤ ካልመጣ እስኪነጋ ወሬ ነው።

ሥራችን ምን መሰላችሁ? ዝገት መፋቅ። ባሕር ብረት ይበላል፤ በእያንዳንዷ ቀን ይበላል። ከፊት ጀምረን እየፋቅን፣ ቀለም እየቀባን ወደ ኋላ እንሄዳለን፤ የኋላው ጫፍ ላይ ስንደርስ የፊቱ እንደገና ዝጎ ይጠብቀናል። መርከብ ላይ የኖረ ሰው መኖሪያ ቤት ማለት ተሠርቶ የሚተው ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። አለቃችን ባሕር ኃይሉ ሲቋቋም ኖርዌጂያኖች ካሠለጠኗቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን እኛን አዲሶቹን ሰብስበው አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ከፍ አድርገው አሳዩን። «ይህች ኩባያ ስንት ሰው ታጠጣለች?» አሉ። አንዱ «አንድ» አለ። እሳቸው ግማሹን ጠጡ፤ የቀረውን ለአጠገባቸው ላለው ልጅ ሰጡት፤ እሱም ሲጠጣ ጠብቀው የመጨረሻዋን ጉንጭ ለሦስተኛው አቀበሉ። ኩባያውን ገልብጠው አሳዩን፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። «ሂዱ» አሉን። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

መርከቢቱ የባሕር ውሃ አፍልታ ጨዉን የምትለይበት መሣሪያ ነበራት፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ነዳጅ ይጠይቃል። ስለዚህ ገላችንን ስንታጠብ ውሃውን ለቅጽበት ከፍተን እንረጥባለን፤ ዘግተን ሳሙና እንመታለን፤ ከፍተን እንለቀለቃለን፤ አለቀ። ልብሳችንን በባሕር ውሃ ያጠብን ቀን ሲደርቅ እንደ ቆርቆሮ ይገተራል። እኔ እናቴ ከምንጭ በእንስራ ስትቀዳ ያየሁ ልጅ ነኝ፤ የውሃን ክብር ግን እናቴ ጀርባ ላይ ሳይሆን ውሃ በከበበኝ ቦታ ተማርኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ አለን። ነጭ ልብሳችንን ለብሰን ወደ ከተማ እንገባለን። ጓደኞቼ ሙዚቃ ወዳለበት ይሄዳሉ፤ እኔ እግሬ ወደ አሮጌው ሰፈር፣ ወደ ባጽዕ ደሴት ይወስደኛል። የአሮጌዋ ምጽዋ ጎዳናዎች ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ ትከሻ ለትከሻ ይተሻሻል። ግን ጥላ አለ። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩት አንዱ የሌላው ጃንጥላ እንዲሆን ነው። ፎቁ ላይ ደግሞ ወደ መንገድ የወጣ የእንጨት ሰገነት አለ፤ እንደ ዳንቴል በጥልፍልፍ የተፈለፈለ። ከውስጥ ያለው ይታየዋል፤ ከውጭ ያለው አያየውም። ጅዳም ሄዳችሁ ሱዋኪንም ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ሰገነት ታገኛላችሁ፤ የቀይ ባሕር ከተሞች እህትማማቾች ናቸው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የተሰነጠቀ ግድግዳ በኖራ ሲደፍኑ አገኘኋቸው። ቆሜ ሳይ «ና ወደይ፣ ያዝልኝ» ብለው ባልዲውን ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አቦይ» እያልኩ ቅዳሜ ቅዳሜ የእሳቸው ረዳት ሆንኩ። ትግረውንም፣ ዐረብኛውንም፣ ትግርኛውንም፣ አማርኛውንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይቀላቅሉታል፤ እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት። እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ አኖሩት። ድንጋዩ በደንብ ሲታይ ድንጋይ አይደለም፤ ጥቃቅን ኮከብ ኮከብ የሚመስሉ ቀዳዳዎች የሞሉት ነገር ነው። «ይኼ ነፍስ ነበረው» አሉኝ። ኮራል የሚሉት የባሕር እንስሳ አጽም ነው። ከባሕር ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ በመጥረቢያ ይጠረባል፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። ኖራውም ያው ኮራል ተቃጥሎ የሚወጣ ነው። ከተማይቱ ከቆመችበት ባሕር ተቆርጣ የተሠራች ናት።

በሰገነቱ ጥልፍልፍ ላይ ጣቴን ቀሰርኩና «ይህስ ምን ይባላል?» አልኳቸው። «መሽረቢያ» አሉኝ። ዐረብኛው መጠጣት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ድሮ በዚያ ሰገነት ላይ የሸክላ ጋን ይቀመጥ ነበር፤ በጥልፍልፉ የሚገባው ነፋስ ጋኑን እየዳበሰ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። እኔ ጌጥ የመሰለኝ ነገር ለካ የውሃ ቤት ነው።

«ውሃውስ ከየት ይመጣ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ደሴቲቱ የራሷ ውሃ የላትም። ከየብስ ከእምኩሉና ከሕርጊጎ በኩል በአቁማዳ ይመጣ ነበር። ይህን የሰማሁ ቀን የአለቃችን ኩባያ ትዝ አለችኝ። «አቦይ፣ እንደ እኛ መርከብ ነው እኮ» አልኳቸው። ሳቁ። «መርከብ ናት» አሉ። «የእናንተዋ ትሄዳለች፤ የእኛዋ ታስራለች።»

እውነት ነው፣ ታስራለች። ምጽዋ ማለት ባጽዕና ጥዋለት የሚባሉ ሁለት ደሴቶች ናቸው። ከየብስ ጥዋለት ድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆን የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከጥዋለት ባጽዕ ደግሞ ሌላ አጭር ድልድይ። ያሠራቸው ግብፆች ከተማዋን በያዙበት ዘመን አስተዳዳሪ የነበረው ስዊዙ ሙንዚንገር ነው። የእምኩሉን ውሃ በቦይ ወደ ደሴቲቱ ያመጣውም እሱ ነው። ያ ሰው ብዙም ሳይቆይ አውሳ ላይ ከነጭፍሮቹ በአፋሮች እጅ ሞተ። እኔ ግን በድልድዩ ላይ ባለፍኩ ቁጥር ስለ ገዢዎቹ አላስብም። ኦዝደሚር ፓሻ በ1557 እ.ኤ.አ. ለኦቶማኖች ያዛት፤ ጣልያን በጥር 1877 ዓ.ም. ያዛት፤ እንግሊዝ በ1933 ዓ.ም. ያዛት። እየመጡ ሄዱ። እኔን የሚገርመኝ ገዢው ማን ቢሆን ያችን የአንድ ቀን ውሃ የሚያመጣው፣ ያን የተሰነጠቀ ግድግዳ የሚደፍነው ሰው ያው መሆኑ ነው። በነሐሴ 1913 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራርሷት ነበር። አቦይ ያኔ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በማግስቱ ባልዲ አንስተው ሲወጡ አይተዋል።

ከሥራ በኋላ አቦይ ከሼክ ሐናፊ መስጊድ ብዙም ወደማይርቅ ደጃፍ ይወስዱኛል። እዚያ አደይ የምላቸው እናት ዝንጅብል የገባበት ቡና ያፈላሉ። ከጎረቤት ደግሞ ዓሣ ይመጣል፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተለቅልቆ፣ እሳት ከሚንቀለቀልበት ጉድጓድ ምድጃ የወጣ። ቆዳው ጠቁሯል፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ በጣት ይገነጠላል። ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ነው የሚበላው። ብዙ አገር ዓሣ በልቻለሁ፤ ያን የመሰለ አላገኘሁም።

አደይ ደጃፍ ላይ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ነበር፤ በውስጡ በሶብላ ተተክሏል። ቡና ከመቅረቡ በፊት ለእንግዳ ውሃ ይሰጣል። መጀመሪያ ቀን ግማሹን ጠጥቼ የተረፈውን መንገድ ላይ ልደፋ እጄን ሳነሳ አደይ ክንዴን ያዙኝ። አልተቆጡም። ወደ ቆርቆሮው ብቻ አመለከቱኝ። ያ በሶብላ ሌላ ውሃ አይጠጣም ነበር፤ የሚጠጣው የእንግዳ ትርፍ ነው። እና እንዴት ያምር መሰላችሁ! በዚያ ሁሉ ጨውና ሐሩር መካከል አረንጓዴ ሆኖ፣ ሰው ልብሱን አስነክቶት ሲያልፍ ሽታው መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል።

ማታ በጀልባ ወደ መርከባችን ስንመለስ ባሕሩ ያበራል። መቅዘፊያው ውሃውን በነካ ቁጥር ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው ይላሉ የተማሩት። ከኋላችን ከተማይቱ፣ ከፊታችን መርከቢቱ፣ ሁለቱም መብራታቸውን ውሃ ላይ ጥለው ይታዩኛል። የትኛዋ ቤቴ እንደሆነች ለመለየት የሚያስቸግረኝ ጊዜ ነበር።

አንድ ጊዜ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ሄደን ትልቋ ደሴት ላይ ወረድን። በጥንታዊ የዐረብኛ ጽሕፈት የተቀረጹ፣ ዘጠኝ መቶና አንድ ሺህ ዓመት የሞላቸው የመቃብር ድንጋዮች አሉ። ከመቃብሮቹ ይልቅ እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዐለቱ ውስጥ ተፈልፍለው የተሠሩ የዝናብ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች። አንድ ሰው በእጁ፣ በመሮ፣ በዚያ ፀሐይ! ጎንበስ ብዬ በአንዱ ውስጥ ስመለከት ከታች ፊቴ ታየኝ።

በ1967 ዓ.ም. ጉልበቴ ላይ ጉዳት ደርሶብኝ መርከቢቱን ተሰናበትኩ። አቦይን ለመሰናበት ስሄድ ሰገነት እየጠገኑ ነበር፤ ከላይ ሆነው እጃቸውን አነሱልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። የኤርትራው ጦርነት ረዘመ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በውጊያ ተያዘች፤ ቀጥሎም ከአየር ተደበደበች። ቦምቡን የጣሉት የእኛው አውሮፕላኖች ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ለአደይ ደጃፍ ሐሰት እሆናለሁ። መርከቤም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ተሰደደች። እዚያው ቆማ ቆማ በ1985 ዓ.ም. ለብረታ ብረት ተሸጠች። ያ ሁሉ የፋቅነው ዝገት፣ ያ ሁሉ ቀለም... ዜናውን የሰማሁ ቀን ምሳ አልበላሁም።

በ2011 ዓ.ም. ወደ ኤርትራ የሚወስደው መንገድ ሲከፈት አስመራ ገባሁ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወረድኩ። ነፋሲት ላይ ጋቢዬን አወለቅኩ፤ ጊንዳዕ ላይ ኮቴን። ጥዋለት ላይ ለጦርነቱ መታሰቢያ የቆሙትን ሦስት ታንኮች አየሁ፤ የቤተ መንግሥቱ ጉልላት ተሰባብሮ አየሁ። ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ። ባጽዕ ውስጥ ፎቃቸው የተናደ፣ ሰገነታቸው በአንድ ወገን የተንጠለጠለ ቤቶች ብዙ ናቸው። በአንዳንዱ ግድግዳ ላይ ግን ትኩስ ኖራ ነበር። እጄን ሰድጄ ነካሁት፤ ገና አልደረቀም።

አደይ ደጃፍን ያገኘሁት በመስጊዱ አቅጣጫ ቆጥሬ ነው። በሩ ሌላ ሆኗል። አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌ በላብ ተጠምቆ ቆሞ ስታይ ምንም ሳትጠይቀኝ ገባችና ውሃ በብርጭቆ ይዛ ወጣች። «እንካ አቦይ» አለችኝ።

ግማሹን ጠጣሁ። ቀና ብዬ ግራ ቀኝ ተመለከትኩ። ልጅቱ ምን እንደምፈልግ ገብቷት ከበሩ ጀርባ አንድ የተቦጫጨቀ ቆርቆሮ በእግሯ ገፋ አድርጋ አወጣችልኝ።